ዘጠኝ ወር በ«ክረምት ጎማ»፦ ደገኛ ጎማ ይዤ ቆላ ስመላለስ

ባለፈው ቅዳሜ ሸዋ ሮቢት መግቢያ ላይ ግመል ገባብኝ። ግመል እንደ አህያ ደንግጦ አይሮጥልህም፤ መሃል አስፋልት ላይ ቆሞ ከላይ ወደ ታች ያይሃል። ፍሬን ያዝኩ። መኪናዋ ቆመች፤ ግን ትቆማለች ብዬ ከገመትኩት ሁለት እርምጃ ያህል አልፋ ነው። ባለቤቴ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ከግመሉ ይልቅ የእሷን ዝምታ ፈራሁና ከተማው እንደገባን ጎሚስታ ጋ ቆምኩ።

ልጁ ክሪክ እንኳ አላነሳም። ቁጢጥ ብሎ የፊተኛውን ጎማ ጥርስ በአውራ ጣቱ ጠረገው፤ ጣቱ ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ቀረ። ተማሪ ደብተሩን በላጲስ ሲፈገፍግ የሚተርፈው ዓይነት፣ ጥቅልል ጥቅልል ያለ። «ጋሼ፣ ይሄ ጎማ እየቀለጠ ነው» አለኝ። የክብሪት እንጨት ጥርሱ መሃል ሰክቶ በጥፍሩ ለክቶ አሳየኝ። ሦስት ሚሊ ሜትር ቢሞላ ነው። ሰኔ ላይ ስገዛው ሰባት ነበር፤ 14 ሺህ ኪሎ ሜትር እንኳ አልሄድኩበትም። የኋለኞቹ አምስት ሚሊ ይዘዋል፤ ኮሮላ የምትጎትተውም መሪ የምታዞረውም በፊት እግሯ ስለሆነ ፊተኞቹ ቀድመው ማለቃቸው አይገርምም። የገረመኝ ፍጥነቱ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። መኪናዬ በፈረንጅ የ2004 ሞዴል ኮሮላ ናት። የምንኖረው ደብረ ብርሃን፣ አማቴ የሚኖሩት ሸዋ ሮቢት። በወር ሁለቴ፣ አንዳንዴ ሦስቴ፣ 95 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደን እንመለሳለን፤ የአዲስ አበባው ምልልስ ሌላ ነው። መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል። ጣርማበር ላይ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነህ፤ ጣልያን የፈለፈለውን ዋሻ ስታልፍ መሬቱ ከሥርህ ይከዳሃል። ደብረ ሲና የገዛኸውን ቆሎ ሳትጨርስ ሹራብህን ታወልቃለህ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ መኪናህን የምታቆምበት ጥላ ትፈልጋለህ።

አምና ጎማዎቼ ልሙጥ ሆነው ነበር። ክረምቱ ከነጉሙ ከነጭቃው ሳይገባ ብዬ በሰኔ ሚካኤል ማግስት መርካቶ ሄድኩ። አንድ ወጣት ሻጭ ያገለገሉ አራት ጎማዎች ከነአልሙኒየም ቸርኬያቸው ደርድሮ ጠበቀኝ። «ጋሼ፣ የክረምት ጎማ ነው፤ ፈረንጅ ራሱ ክረምት ሲገባ የሚያስረው ይሄንን ነው» አለኝ። በሰኔ ወር ለደብረ ብርሃን ሰው ክረምት ስትለው ሌላ ምን ይታየዋል? ዝናብ ነው፣ ጎርፍ ነው። ጎኑ ላይ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ ተስሏል፤ ተራራው ውስጥ ኮከብ የመሰለ ነገር አለ። «ለተራራ ነው፣ ይኸው ተራራውን አድርገውበታል» አለኝ። ጣርማበርን የሳሉልኝ መሰለኝ። ስሪቱስ ስለው ጎኑ ላይ ያለውን አራት ቁጥር ነካ አድርጎ «3917። የ17 ነው፣ የዘንድሮ» አለ። ዓመቱ 2017 ነበርና አመንኩት። የሁለት ወር ደሞዜን ቆጥሬ ሰጠሁት።

ልጁ ዋሸኝ ልል አልችልም። ያነበበልኝ ሁሉ ጎማው ላይ አለ፤ ክፋቱ የተጻፈው ለሌላ አገር ሰው መሆኑ ነው። ፈረንጅ ክረምት የሚለው ዝናቡን አይደለም፤ ብርዱንና በረዶውን ነው፣ እኛ በጋ የምንለውን ኅዳርንና ታኅሣሥን። ላስቲኩ የተቀመመው ብርዱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ እንዳይደርቅ ነው። ተራው ጎማ በዚያ ብርድ እንደ ቁርበት ሲደርቅ ይሄኛው ለስላሳ እንደሆነ አስፋልቱን ይይዛል። ጥርሱ ላይ በምላጭ የተተለተለ የሚመስለው ስንጥቅም በረዶ እንዲነክስበት ነው። ተራራው ውስጥ ያለው «ኮከብ» የበረዶ ቅንጣት እንደሆነ የነገረችኝ ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ናት፤ «አባዬ ስድስት ጫፍ እኮ አለው» ብላ። ምልክቱ ጎማው በረዶ ላይ ተፈትኖ አልፏል ማለት ነው። ፊንላንዶች እንዲህ ያለ ጎማ መሥራት የጀመሩት በ1934 እ.ኤ.አ. ነው። ስዊድን ውስጥ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 ድረስ መንገዱ በረዶ ከያዘ ማሰር ግዴታ ነው። እዚያ ግን ማንም ከጉም ውስጥ ተነስቶ በአንድ ሰዓት ተኩል ግመል ያለበት አገር አይደርስም።

17ቱም የፈረንጅ 17 ነው። 3917 ማለት የ2017 39ኛ ሳምንት፤ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2010። «የዘንድሮ» ተብሎ የተሸጠልኝ ጎማ ስምንት ዓመት ሊሞላው ሦስት ወር ነበር የቀረው። ጎኑን ሽቅብ ብርሃን ላይ አድርጌ ሳየው እንደ ባልቴት ግንባር ቀጫጭን መስመር አውጥቷል። ይህንን ያየሁት ከገዛሁ ከአራት ወር በኋላ ነው። ከገዙ በኋላ የሚያነብ ሰው ምን ይባላል?

ክረምቱን በደህና አለፍን፤ ዝናብ ላይ ክፉ ነገር አላየሁበትም። ቸርኬው ግን አንገብግቦኛል። የድሮው የብረት ቸርኬዬ 14 ኢንች ነበር፣ ጎማው 185/70 (ወርዱ 185 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የወርዱ 70 በመቶ)፤ አዲሱ 15 ኢንች፣ በ195/60። የሁለቱ ጎማ ቁመት አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው አይዛባም፣ እስኮርታውም ያው የድሮው ሆኖ ያገለግላል። የአራቱ ቡሎን ርቀትም ልክ ነው። እስከዚህ ጥሩ። 80 ስደርስ ግን መሪው እጄ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሁለቴ ባላንስ አሠራሁ፤ አልተወም። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ሸምገል ያለ መካኒክ ነው የደረሰበት። የኮሮላዋ መሃል እምብርት 54.1 ሚሊ ሜትር ሲሆን የቸርኬው መሃል ቀዳዳ ከዚያ ይሰፋል። ቸርኬው እምብርቱ ላይ መቀመጥ ሲገባው በዳዶዎቹ ብቻ ተንጠልጥሏል፤ ዳዶ ደግሞ ሲጠብቅ ወደ አንድ ወገን ይስበዋል። መድኃኒቱ አራት የፕላስቲክ ቀለበት ነበር፤ ሶማሌ ተራ ተገኘ። ዋጋው ከአንድ ቀን ምሳ አይበልጥም። እኔ ግን እስከዚያ ድረስ ሁለት ወር መኪናዬን ስረግም ከረምኩ። ሻጩ «ልክ ነው፣ ገጥሟል» ሲል ቡሎኑን ማለቱ ነበር ለካ።

አሁን ፍትሐዊ ልሁን። ኅዳር ሲገባ ይህን ጎማ ወደድኩት። ልጆቹን ለማድረስ ጥዋት ስወጣ መስታወቱን ውርጭ ይዞት በመታወቂያ ካርዴ ነው የምፈቀፍቀው። ከሰፈራችን ወደ አስፋልቱ የምንወጣበት ኮብልስቶን ዳገት ነው፤ አመዳይ ሲያርፍበት በሳሙና የታጠበ ይመስላል። የጎረቤቴ ቪትዝ መሃል ዳገት ላይ ጎማዋን እያሽከረከረች ወደ ጎን ስትንሸራተት እኛ በአንደኛ ማርሽ፣ ያለ ጩኸት፣ ቀጥ ብለን ወጣን። ልጆቹ ከኋላ አጨበጨቡ። ወሩን ሙሉ ጥዋት ጥዋት እየተኮፈስኩ ነበር የምወጣው፤ ጎረቤቴን መስኮት አውርጄ «ላግዝህ?» ማለት ሁሉ አምሮኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር የማነጻጽረው ከድሮዎቹ ልሙጦች ጋር ስለነበር ውዳሴዬ ትንሽ ሳይበዛ አይቀርም። ቢሆንም ወጣን።

ይህ ጎማ ጥዋቱን ደብረ ብርሃን ላይ አርበኛ ነው፤ ከሰዓት ሸዋ ሮቢት ላይ ሊጥ። ሙቀት ሲያገኘው ጥርሱ ይልፈሰፈሳል። መሪ ትጠመዝዛለህ፣ መኪናዋ ትንሽ አስባ ነው የምትታጠፍ። ፍሬን ስትይዝ ግመሉ ጋ የሆነው ይሆናል። ከጣርማበር ስወርድ በማርሽ ይዤ ነው የምወርደው፣ ፍሬን የምረግጥ ሰው አይደለሁም፤ ሆኖም የጋለ አስፋልት እንደ ሞረድ ይሞርደዋል።

ሻጩ አሁን ፊቴ ቢቆም የሚለውን አውቃለሁ። «ጋሼ፣ ጎማው ምን አደረገ? ቆላ ያወረዱት እርስዎ ነዎት።» እኔ ግን ሸዋ ሮቢት እንደምመላለስ ነግሬህ ነበር፤ «ችግር የለም» ያልከኝ አንተ ነህ። «ታዲያ ንፋሱን ቀነስ ያድርጉለት፣ ሙቀት ሲሆን ይነፋል።» ይህንን ምክር እንኳ ሌላም ሰው ነግሮኛል፤ ስህተት ነው። የላላ ጎማ ይበልጥ ይተጣጠፋል፣ የተተጣጠፈ ይበልጥ ይግላል። ንፋስ የሚለካው ጥዋት፣ ጎማው ሳይሄድበት ነው፤ በሩ ላይ የተለጠፈው ቁጥር የሚያወራው ስለዚያ ሰዓት ነው። «አገልግሏል ብዬ ነው የሸጥኩልዎት።» እሱስ ብለሃል። ስንት ዓመት እንዳገለገለ ግን በፈረንጅ ነገርከኝ፣ እኔ በአማርኛ ሰማሁህ።

ቅዳሜ ዕለት ይህንን ሁሉ አማቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጮክ ብዬ ስናገር ሰምተውኝ ኖሯል። በጣሳ ውሃ ይዘው ወጡና ጎማውን አዩት። «እሱም እንደ እናንተ ደገኛ ነው ልጄ፤ ሐሩሩ ጣለው» አሉኝ። ደገኛ ቆላ ወርዶ ሲታመም እንደሚታዘንለት ዓይነት አዝነውለት ነው የተናገሩት፤ ሊነኩት ምንም አልቀራቸውም።

ሰኞ ዕለት የድሮዎቹን የብረት ቸርኬዎች አስወጥቼ ተራ አዲስ 185/70 አሰርኩባቸው። ብረት ቸርኬ መልኩ አያምርም፤ ጉድጓድ ሲመታ ግን ይጣመማል እንጂ አይሰነጠቅም፣ ጎሚስታም በመዶሻ ያቃናዋል። ጥርሱን አይቼ፣ ቁጥሩን አንብቤ፣ የፈረንጅ ይሁን የእኛ ጠይቄ ነው የገዛሁት። ባለቤቴ ሒሳቡን ስትሰማ «ልጆቹ ሁለት ጫማ የላቸውም፤ መኪናህ የደጋና የቆላ አላት» አለች። ፈረንጆቹም ሁለት ዓይነት ጎማ ከነቸርኬው ይዘው በየወቅቱ ይለዋውጣሉ ልላት አልኩና ተውኩት።

የክረምት ተብዬዎቹ ጓዳ ከድንቹ ጆንያ አጠገብ ተነባብረዋል፤ ላያቸው ላይ ሰፌድ ተቀምጧል። ትናንት የቪትዙ ጎረቤቴ መጥቶ «አትሸጥልኝም?» አለኝ። ፊተኞቹ ከአራት ሚሊ ስለወረዱ ውርጭ ላይም እንደ ዘንድሮው እንደማይይዙ አውቃለሁ። የተናደድኩበትን ሳምንት ሙሉ ስረግማቸው ከርሜያለሁ። ያም ሆኖ አፌ ላይ የመጣው «ኅዳር ይግባና እናያለን» ነው።