በሩ በሰዓቱ ይከፈታል ወይ? በበጎ ፈቃደኞች የሚቆም የኤልጂቢቲ ማዕከል ሲመዘን

አንድን የኤልጂቢቲ (የሌዝቢያን፣ የጌይ፣ የባይሴክሹዋልና የትራንስ ሰዎች) ማዕከል ለመመዘን የሶፋውን ምቾትና የግድግዳውን ቀለም ማየት አያስፈልግም። በሩ ላይ የተለጠፈውን ሰዓት አንብቦ፣ በዚያው ሰዓት ሄዶ ማንኳኳት ይበቃል። ስለ ራሱ ለማንም ተናግሮ የማያውቅ ሰው እዚያ በር ድረስ ለመድረስ ሳምንታት ሲያመነታ ይከርማል። መጥቶ ተቆልፎ ካገኘው ደግሞ ተመልሶ መምጣቱ ያጠራጥራል። ስለዚህ በዚህ ግምገማ ትልቁን ነጥብ የሰጠነው በተባለበት ሰዓት ለሚከፈት በር ነው።

የምንመዝነው ደመወዝተኛ የሌለውን፣ ቢኖረውም ከአንድ ሁለት የማይበልጠውን፣ በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት የሚንቀሳቀሰውን ዓይነት ነው። የተጻፈውም እንዲህ ያለ ማኅበር በሕግ መመዝገብ በሚችልበት አገር ላሉ ሰዎች ነው። ሕጉ በሚያስርበት አገር የበር ምልክት፣ አድራሻና የአባላት ዝርዝር ራሳቸው አደጋ ስለሆኑ፣ ከዚህ በታች ያለውን ምክር እዚያ አትጠቀሙበት።

አጀማመሩ ሦስት ዓይነት ነው፦ በሰዓት የሚከራይ ወይም በውሰት የተገኘ ክፍል፣ በማኅበሩ ስም የተከራየ ቤት፣ የተገዛ ሕንፃ። የመጨረሻው ዝናው ትልቅ ነው። የኒው ዮርኩ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1983 በምዕራብ 13ኛ ጎዳና የነበረን አሮጌ የሙያ ትምህርት ቤት ከከተማው አስተዳደር በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት በቃ። የኤድስ ታጋዮች ቡድን የሆነው አክት አፕ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1987 የተመሠረተው እዚያ ቤት ውስጥ ነው፤ ሠዓሊው ኪት ሄሪንግም በ1989 የሁለተኛውን ፎቅ መጸዳጃ ቤት ግድግዳ በሥዕል ሞላው። ማዕከሉ ለእነዚህ ሁሉ ያዋጣው ክፍል ነበር፣ ቀሪውን የሠሩት የመጡት ሰዎች ናቸው። ግን ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ «መጀመሪያ ሕንፃ» የሚል ቡድን ገና በሩን ሳይከፍት ገንዘብ በማሰባሰብ ይደክማል።

ለጀማሪ የምንመርጠው የመጀመሪያውን፣ ትንሹን መንገድ ነው። የለንደኑ የስልክ አገልግሎት ስዊችቦርድ እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 1974 ሥራ የጀመረው ኪንግስ ክሮስ አካባቢ ከአንድ መጻሕፍት መደብር በላይ ባለች ክፍል ነው። ዛሬም ስልኩን የሚያነሡት በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ አብዛኛው ማዕከል የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና። በሳምንት 2 ቀን፣ በቀን 3 ሰዓት፣ በየፈረቃው 2 ሰው እንበል። ይህ በሳምንት 4፣ በወር ደግሞ ከ17 እስከ 18 ተራ ይሆናል። አንድ ሰው በወር 2 ተራ ቢይዝ 9 ሰው ያስፈልጋል። ለሕመም፣ ለፈተናና ለጉዞ 3 ሰው ጨምሩበት፣ 12 ይሆናል። ይኸው 12 ሰው በመክፈቻው ሰሞን ደስታ ተገፋፍቶ «በሳምንት 5 ቀን እንከፍታለን» ካለ፣ በወር 43 ያህል ተራ ይመጣል፤ ለእያንዳንዱ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል ይደርሰዋል። መጀመሪያ የሚቀሩት ሥራና ልጅ ያላቸው ናቸው። የእነሱን ተራ ሌሎቹ ይሸከሙታል፣ ከዚያ የተሸከሙትም ይቀራሉ። ጥፋቱ የሰው ስንፍና አይደለም፣ ማካፈሉ መጀመሪያውኑ ስለማይሞላ ነው።

በየፈረቃው ሁለት ሰው የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዱ ለብቻው ማውራት ከፈለገ እንግዳ ጋር ወደ ጓዳ ሲገባ፣ በሩ ላይ ሌላ ሰው መኖር አለበት። ከፈረቃው 48 ሰዓት በፊት ለተረኞቹ መልእክት ይላክ፤ 24 ሰዓት ሲቀረው ያላረጋገጠ ካለ ተጠባባቂው ይጠራ። ይህን የሚከታተል አንድ ሰው በስሙ ተለይቶ ይመደብ። «ሁላችንም እንከታተላለን» ከተባለ ማንም አይከታተልም።

ሥልጠናው ረጅም መሆን የለበትም። የ2 ሰዓት ማብራሪያና ከልምድ ካለው ተረኛ ጎን 2 ፈረቃ መቀመጥ ይበቃል። ይዘቱ ግን ጥብቅ ይሁን፦ እዚህ ያያችሁትን ሰው መንገድ ላይ ቀድማችሁ ሰላም አትበሉት፣ ምናልባት ከቤተሰቡ ጋር ይሆናል። ራሱን የሚጠራበትን ስም ተቀበሉ፣ የመታወቂያውን አትጠይቁ። ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ አትሁኑ፤ እንግዳውን የምትልኩባቸው ባለሙያዎች ዝርዝር እጃችሁ ላይ ይኑር፣ በየ3 ወሩም እየተደወለ ይታደስ። ራሱን ሊጎዳ እንደሆነ የሚናገር ሰው ሲመጣ ማን እንደሚደውልና ማን አብሮት እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ይወሰን። ዕድሜያቸው ከ18 በታች ለሆኑ ልጆች የሚሰጥ ፕሮግራም ከሆነ ምንጊዜም 2 አዋቂ ይገኝ፣ ከአዋቂ ወደ ልጅ የግል መልእክት አይላክ። ይህን ገና ማሟላት የማይችል ማዕከል የልጆች ፕሮግራሙን ያቆየው።

መስኮቱን እንደ ትንሽ ነገር አትዩት። ከመንገድ የሚታይ ክፍል ውስጥ ደፍሮ የሚቀመጥ አዲስ ሰው ጥቂት ነው። ብዙዎች ቀን ላይ ሞክረው ደስ ስለሚላቸው ከውጭ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቀውን ስቲከር ይገዛሉ። ይህ ስቲከር የሚሠራው ብርሃን በሚበዛበት ወገን በኩል ነው። ሲመሽና የውስጡ መብራት ሲበራ ነገሩ ይገለበጣል፦ ውስጥ ያሉት የራሳቸውን መልክ ያያሉ፣ መንገደኛው ደግሞ እነሱን ቁልጭ አድርጎ ያያል። ማዕከሉ የሚከፈተው ደግሞ ሰው ከሥራ ሲወጣ፣ ማታ ነው። ስለዚህ ብርሃን እያሳለፈ መልክ የሚያደበዝዘውን ነጩን ስቲከር ከወለሉ እስከ 180 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ለጥፉ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለሰማይ ብርሃን ይቅር። መስታወቱን አጥባችሁ፣ ጥቂት ሳሙና የገባበት ውኃ ርጩበት፤ ለጥፋችሁም ከመሐል ወደ ዳር ላስቲክ ባለው የመስታወት መጥረጊያ ግፉት። አቧራ ከቀረ በዚያ ቦታ ላይ እብጠት ይወጣል፣ በኋላም አይጠፋም።

በሩ አጠገብ የሚቀመጥ የስም መመዝገቢያ ደብተርም እንዲሁ ሰው ያባርራል። አዲሱ ሰው እስክሪብቶውን ሲያነሣ ከሱ በላይ የተጻፉትን ስሞች ያነባል፣ የሱም እንደሚነበብ ወዲያው ይገባዋል። ለጋሾች ቁጥር ይጠይቃሉና መቁጠሩ የግድ ነው፤ ለዚያ ተረኛው በወረቀት ላይ በጭረት ይቁጠር። ቀን፣ ሰዓት፣ ስንት ሰው፣ ስንቱ አዲስ፣ ከዚያ ሌላ አያስፈልግም።

ክፍሉን ስትመርጡ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። በሩ ሲከፈት 82 ሴንቲ ሜትር ነፃ ስፋት፣ ውስጡ ደግሞ ተሽከርካሪ ወንበር የሚዞርበት 150 ሴንቲ ሜትር ክብ ቦታ ይኑረው። የመወጣጫው ተዳፋት 1 ለ12 ነው፤ 15 ሴንቲ ሜትር ለምትሆን አንዲት ደረጃ 180 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይጠይቃል ማለት ነው። ሰዎች ይህን ሳያሰሉ አጭር ጣውላ ጣል ያደርጋሉ፣ ወንበሩም ወደ ኋላ ይገለበጣል። መጸዳጃ ቤቱ ለአንድ ሰው የሚሆን፣ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ «የወንድ» «የሴት» የማይል ቢሆን ለትራንስ እንግዶች፣ ማለትም ሲወለዱ ከተመዘገበላቸው ጾታ በተለየ ለሚኖሩት፣ ትልቅ እፎይታ ነው።

ቁልፍን በተመለከተ ባጭሩ፦ እየተባዛ የሚታደል ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ በዓመቱ አይታወቅም። ለእያንዳንዱ ተረኛ የራሱ ኮድ የሚሰጥ መቆለፊያ ይሻላል፣ ሰው ሲለቅ የሱ ኮድ ብቻ ይሰረዛል። የኢሜይልና የባንክ የይለፍ ቃልም በአንድ መሥራች ጭንቅላት ውስጥ ብቻ አይቀመጥ።

የገንዘቡ ነገር ከለንደን ታሪክ በደንብ ይታያል። የለንደን ሌዝቢያንና ጌይ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1985 የተከፈተው በከተማው ምክር ቤት ድጎማ ነበር። ምክር ቤቱ ራሱ በ1986 ፈረሰ፤ ማዕከሉም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተዘጋ። ገና በመክፈቻው ዓመትም የትኞቹ ቡድኖች ክፍል ይሰጣቸው በሚል ብርቱ ክርክር ውስጥ ገብቶ ነበር። ከዚህ ሁለት ነገር እንወስዳለን። አንድ ለጋሽ ቢቀር ኪራዩን የሚሸፍን፣ በየወሩ ጥቂት ጥቂት የሚያዋጣ ብዙ ሰው ይኑር። የክፍል አጠቃቀሙ ደንብም የመጀመሪያው ጠያቂ ከመምጣቱ በፊት በጽሑፍ ይውጣ፤ ከመጣ በኋላ የሚወጣ ደንብ በሱ ላይ የወጣ ነው የሚመስለው። ማኅበሩ ገና ካልተመዘገበ ገንዘቡን በስሙ ተቀብሎ የሚይዝ የተመዘገበ ድርጅት ፈልጉ። ለአገልግሎቱ በመቶኛ ቢቆርጥም የግለሰብ ሒሳብ ውስጥ ከማስገባት ይሻላል። ሒሳቡ የሁለት ሰው ፊርማ ይጠይቅ፣ የቦርዱም አባላት ድምፅ እኩል እንዳይከፈል 5 ወይም 7 ይሁኑ።

በሰዓት በሚከራይ ክፍል ለ6 ወር አንድም ፈረቃ ሳይዘል የከፈተ ቡድን ወደ ኪራይ ቤት ቢሻገር እንደግፈዋለን። ሲሻገር የ6 ወር ኪራይ በባንክ ይኑረው፤ ማስያዣውና የኃላፊነት ኢንሹራንሱ ከዚያ ውጭ ናቸው። ውሉን ሲፈርም ደግሞ ክፍሉን ለሌሎች ቡድኖች በሰዓት ማከራየት እንደሚፈቀድለት በግልጽ ያጽፍ። ይህ አንቀጽ ከሌለ ከክፍል ኪራይ የሚጠብቀው ገቢ ሁሉ በአከራዩ መልካም ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው።