የተጎረባበጠ የማድ ቤት ሴራሚክ፦ በራስ እጅ መቀየር ወይስ ባለሙያ መቅጠር?

ሴራሚክ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የካሬውን ዋጋ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ «የእጅስ ስንት ነው?» ይላል። አሮጌው ወለል ለምን እንደተጎረባበጠ የሚያጣራው ግን ጥቂት ነው። ሥራው በቤት ሰው ያልቃል ወይስ ባለሙያ ይፈልጋል የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ሴራሚኩ ብቻ ለቆ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ከሥሩ ያለው አርማታ ከሰመጠ ግን ሴራሚክ አንጣፊም ብቻውን አይበቃም፤ ግንበኛ መጥራት የግድ ይሆናል።

በእኛ አስተያየት ለአብዛኛው ቤት የሚያዋጣው ሥራውን መክፈል ነው፦ ማፍረሱና ማጽዳቱ ለባለቤቱ፣ ልኩን ማስተካከሉ ለባለሙያ። ማንጠፉ እንደ ሴራሚኩ መጠንና ዓይነት ይታያል።

ወለሉ ምን ሆኖ ነው?

በዱላ ጫፍ ወይም በመዶሻ እጀታ እያንዳንዱን ሴራሚክ ያንኳኩ። ቀፎ ድምፅ የሚሰጠው ከሥሩ የለቀቀ ነውና በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት። ከዚያ 2 ሜትር ስታጃ (ቀጥ ያለ መለኪያ ዘንግ) ወለሉ ላይ አጋድመው ከሥሩ ያለውን ክፍተት ይለኩ። እስከ 3 ሚሊ ሜትር ምንም አይደለም። እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ብዙውን ጊዜ የአነጣጠፍ ጉድለት ነው። ከዚያ በላይ ከሆነና ስንጥቁ አራት አምስት ሴራሚክ እያቋረጠ በአንድ መስመር ከሄደ ችግሩ ከሥር ነው።

በቢቸና፣ በደጀንና በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ዋልካ አፈር ላይ የቆመ ቤት ይኼ ችግር በብዛት ያገኘዋል። ዋልካ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ ይኮማተራል፤ ወለሉም አብሮት ይነሣል፣ አብሮት ይወርዳል። በክረምት አልገጥም የሚል በር በበጋ ደህና ከተዘጋ አንዱ ምልክት ነው። ሌላው መፈተኛ ጄሶ ነው፦ ደረቅ ቦታ ላይ ስንጥቁን አሻግረው ትንሽ ጄሶ ይለጥፉና ጥቂት ሳምንታት ይጠብቁ። ጄሶው ከተሰነጠቀ ወለሉ ገና አልረጋም፤ የረጋ እስኪሆን አዲስ ሴራሚክ መግዛት ትርፉ ኪሳራ ነው። እንዲህ ያለው ወለል አርማታው ተነሥቶ፣ ዋልካው ተቆፍሮ ወጥቶ፣ በሰለክት (በተመረጠ የሙሌት አፈር) ተሞልቶና ተጠቅጥቆ እንደገና ይሠራል። ይህንን በራሳችሁ ሞክሩ አንልም።

ከማፍረስ በፊት አንድ ነገር ይቀራል፦ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግተው የውሃ ቆጣሪውን ይዩ። ከዞረ አንድ ቦታ ውሃ እየሾለከ ነው፤ ምናልባትም ወለሉን ያሰመጠው እሱ ይሆናል።

ማፍረሱ፦ ለራስ

የሚያስፈልገው መዶሻ፣ ስካልፔሎ (የብረት መሮ)፣ መነጽር፣ የአፍ መሸፈኛ፣ ጓንትና ጠንካራ ጫማ ነው። ከለቀቀው ወይም በበሩ ጫፍ ካለው ሴራሚክ ይጀመራል። ስካልፔሎውን አጋድሞ መምታት ያስፈልጋል፤ ቀጥ አድርጎ የሚመታ ሰው አርማታውን ይቦድሰዋል፤ ከዚያ የቦደሰውን ሲሞላ ይውላል። አቧራው ለሳንባ መጥፎ ስለሆነ ውሃ እየረጩ ይሥሩ። የኤሌክትሪኩን ዋና ማጥፊያ ያውርዱ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ መስመር በወለል ውስጥ የሚያልፍበት ቤት አለ። በእቃ ማጠቢያው ሥር የሚያልፈው የውሃ ቧንቧም ብዙ ጊዜ ጥልቅ አይቀበርም።

12 ካሬ ማድ ቤት (3 በ4 ሜትር) ሴራሚኩና ከሥሩ ያለው 3 ሳንቲ ሜትር የሲሚንቶ ንጣፍ አንድ ላይ ወደ 1 ቶን ይጠጋል። ፍርስራሹ በጋሪ ስንት ጊዜ ተመላልሶ፣ የት እንደሚደፋ አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል። ደጃፍ ላይ ተቆልሎ የቀረ ፍርስራሽ ከጎረቤት ያጣላል። ይህንን ሥራ በሴራሚክ ባለሙያ የእጅ ዋጋ ማሠራት ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ጉልበት የሌለው ቤተሰብ ሁለት ቀን ሠራተኛ ይቅጠር።

ልኩን ማስተካከል፦ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ

አሮጌው ወለል ከተነሣ በኋላ አርማታው ላይ ከታየው ጉብታና ጉድጓድ ጋር መፋጠጥ ይመጣል። ባለሙያው ውሃ በሞላበት ግልጽ ቱቦ (ውሃ ልክ) ከወለሉ 1 ሜትር ከፍ ብሎ በግድግዳው ዙሪያ መስመር ያሠምራል፤ ከዚያ መስመር ወደ ታች በዘጠኝ አሥር ቦታ ይለካል። ትንሹ ልክ ያለበት ቦታ ከፍተኛው ነጥብ ነው፤ የአዲሱን ወለል ከፍታ እሱ ይወስነዋል። በዓይኑ የሚያምን ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል፤ ግድግዳው ራሱ ከተጣመመ ወለሉ ጠማማ ሆኖ ሳለ ቀጥ ያለ ይመስላል።

በሩን አይርሱ። የአዲሱ ሴራሚክና የንጣፉ ውፍረት ወለሉን ከቀድሞው ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ካነሣው በሩ አይከፈትም። የእንጨት በር በመላጊያ ይቀነሳል፤ የላሜራ በር ግን ለበያጅ ነው። በአሮጌው ሴራሚክ ላይ አዲስ መደረብ የሚፈልግ ሰውም የሚደናቀፈው በዚሁ በር ነው። መደረብ የሚቻለው አሮጌው ቀፎ ካልጮኸና ልኩ ከተስተካከለ ብቻ ስለሆነ ለተጎረባበጠ ወለል አይሆንም።

ለንጣፉ 1 እጅ ሲሚንቶ ለ4 እጅ አሸዋ ይበቃል። ውፍረቱ ከ3 ሳንቲ ሜትር ባያንስ ይመረጣል፤ ቀጭን የሲሚንቶ ንጣፍ ይሰነጠቃል፤ ይላቀቃል። አርማታው ተጠርጎና ረጥቦ፣ ቦያካ (በውሃ የቀጠነ ሲሚንቶ) ተቀብቶ፣ ቦያካው ሳይደርቅ ንጣፉ ይፈስሳል። ድብልቁ በእጅ ሲጨበጥ ተያይዞ የሚቀር፣ ውሃ ግን የማያንጠባጥብ መሆን አለበት። ለማቅለል ብሎ ውሃ የሚጨምር ሠራተኛ ካለ ያስቁሙት፤ ውሃው ሲተን ንጣፉ ይኮማተራል፤ ላዩም እንደ ዱቄት ይፈረፈራል። ከዚያ 7 ቀን በረጠበ ጆንያ ተሸፍኖ ይቆይ። እንደ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ባለ ደጋ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ሲሚንቶውን ስለሚያዘገየው ቀን ቢጨመርበት አይጎዳም።

አሸዋውን በጠርሙስ ይፈትኑ፦ ግማሽ ድረስ አሸዋ፣ ላዩን ውሃ፣ አናውጦ ማሳደር። ከላይ የሚረጋው ጭቃ ከአሸዋው ከፍታ 6 ከመቶ ካለፈ (ለ10 ሳንቲ ሜትር አሸዋ 6 ሚሊ ሜትር) ይታጠብ ወይም ይመለስ።

ማንጠፉ

በራሱ ለሚያነጥፍ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ሴራሚክ ይሻላል። 60 በ60 ጥቂት መገጣጠሚያ ስላለው ያምራል፤ ነገር ግን ከሥሩ 3 ሚሊ ሜትር ጉድለት ቢኖር ጠርዙ ወጥቶ እግር ይመታል፤ መቁረጡም ሌላ መከራ ነው። ትልቁን ለባለሙያ ይተዉት።

ብዙ ገዢ የማያውቀው ነገር አለ። ፖርስሊን የሚባለው ጠጣር ሴራሚክ ውሃ የሚመጠው ከክብደቱ 0.5 ከመቶ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ስለዚህ በተለመደው የሲሚንቶና አሸዋ ድብልቅ በደንብ አይያዝም። ለእሱ የተሠራ ኮላ ያስፈልገዋል። ቀዩ ጀርባ ያለው ተራ ሴራሚክ ግን በሲሚንቶ ሲነጠፍ አስቀድሞ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ በኮላ ሲነጠፍ አይነከርም። «ሁሉም አንድ ነው» የሚል አንጣፊ ከገጠመዎት ሌላ ይፈልጉ።

ኮላው በጥርሳም ማንጠፊያ በሙሉ ይቀባ፤ በአንድ ጊዜ ከ1 ካሬ አይበልጥ። ጣት ሲነካው ካልያዘ ቆዳ አውጥቷልና ተፍቆ ይጣል፤ ውሃ ጨምሮ ማደስ አይቻልም። በአራቱ ማዕዘንና በመሃል ጉብታ ጉብታ አድርጎ መለጠፍ ፈጣን ነው፤ ከሥሩ ግን ባዶ ይቀራል። ያ ባዶ ቦታ ላይ ሙቀጫ ሲቀመጥና ዘነዘና ሲያርፍ ሴራሚኩ ይሰነጠቃል። ሙሉ በርሜል ውሃም ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሥራው እየሄደ አልፎ አልፎ አንዱን አንሥተው ጀርባውን ይዩ፤ ኮላው ሙሉ ለሙሉ ካልነካው አቀባቡ ይስተካከል።

በግድግዳው ዙሪያ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተው፤ ዞኮሎው (በግድግዳው ሥር ዙሪያውን የሚለጠፈው) ይሸፍነዋል። ያለ ክፍተት ግጥም የተደረገ ወለል ሙቀት ሲለዋወጥ መሄጃ ያጣና መሃሉ ላይ እንደ ድንኳን ይነሣል። ግራውቱ (የመገጣጠሚያ መሙያው) ከ24 ሰዓት በኋላ ይገባል። ፍሪጅና በርሜል 7 ቀን ይቆዩ።

ለ12 ካሬ ምን ያህል ይገዛል?

40 በ40 ከሆነ 75 ሴራሚክ፣ ለስብራት 10 ከመቶ ተጨምሮ 83። 60 በ60 ከሆነ 37፤ አራት አራት በሚይዝ ካርቶን 10 ካርቶን። ለ3 ሳንቲ ሜትር ንጣፍ ባለ 50 ኪሎ 3 ከረጢት ሲሚንቶና ከ10 እስከ 12 ሳጥን (40 ሊትር) አሸዋ። ኮላ ለካሬ 5 ኪሎ ገደማ፣ በድምሩ 60። ለ3 ሚሊ ሜትር መገጣጠሚያ 3 ኪሎ ግራውት ይበቃል። በካርቶኑ ላይ የታተመው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን ሱቁ ውስጥ ያረጋግጡ፤ የተለያየ ከሆነ ቀለሙም ልኩም ይለያያል። ለማድ ቤት ላዩ ሻከር ያለውን ይምረጡ፤ አንጸባራቂው ዘይት ሲፈስስበት ያንሸራትታል።

ወጪው እንዴት ይነጻጸር?

የካሬ ዋጋ ከከተማ ከተማ፣ ከወር ወር ስለሚለያይ ቁጥር መጻፍ አይጠቅምም፤ ሦስት ሰው ጠይቀው መካከለኛውን ይያዙ። በራስ ሲሠራ የሚቀረው የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። በፋንታው መቁረጫ፣ ጥርሳም ማንጠፊያ፣ የጎማ መዶሻ፣ ስታጃና ውሃ ልክ ይገዛሉ ወይም ይከራያሉ፤ ለጀማሪ ስብራቱም ከ10 ወደ 15 ከመቶ ከፍ ይላል። ለአንድ ማድ ቤት ብቻ መሣሪያ ከተገዛ ቁጠባው ይሟጠጣል፤ ሳሎኑና በረንዳውም ተራ የሚጠብቁ ከሆነ ያዋጣል።

ጊዜውም ይታሰብበት። ባለሙያ ከረዳቱ ጋር 12 ካሬን ንጣፉ ከደረቀ በሁለት ቀን ያነጥፋል፤ ጀማሪ ከሳምንት ባያልፍ ጥሩ ነው፤ እስከዚያ ማብሰያው ውጭ ይሆናል። የባለሙያም ጊዜ ግን በወር በዓላት ይቆራረጣል፦ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም ብሎ የማይሠራ ሰው ብዙ ነው። በመኸር ወቅት ደግሞ ቀን ሠራተኛ ወደ አጨዳ ይሄዳል። ከጥምቀት በኋላ እስከ ሰኔ መግቢያ ያለው ጊዜ የተሻለ ነው።

ከባለሙያ ጋር ሲዋዋሉ

ያነጠፈውን አዲስ ሥራ ብቻ አይዩ፤ ቢያንስ አንድ ክረምት ያለፈበትን ወለል አሳየኝ ይበሉና ያንኳኩት። በውሉ ላይ የእጅ ዋጋ ብቻ ነው ወይስ ከነዕቃው፣ ዞኮሎው በሜትር ይቆጠራል ወይስ በካሬው ውስጥ ነው፣ በሩን ማን ያስቆርጣል፣ የተሰበረው በማን ሒሳብ ነው የሚሉት ተለይተው ይጻፉ፤ ሁለት እማኝ ይፈርሙ። ቀብድ ከ3 እጅ 1 አይለፍ፤ ሁለተኛው ክፍያ ንጣፉ በስታጃ ተለክቶ ሲያልፍ ይሰጥ። ቀሪው ግራውቱ ከገባ ከሳምንት በኋላ ነው፦ ባለሙያው ባለበት ወለሉን በሙሉ ያንኳኩ፣ ቀፎ የጮኸውን በጠመኔ ያክብቡ፤ እሱን አንሥቶ ዳግም ሲያነጥፍ ይከፈለው።