ለ3 ዓይነት የሽጉጥ ጥይት አንድ ባሩድ፦ ኤችፒ-38 ሲመዘን

.38 ስፔሻል፣ 9 ሚሊሜትር ሉገር እና .45 ኤሲፒ የተባሉትን የሽጉጥ ጥይቶች ብቻ ራሱ የሚሞላ፣ ማለትም ቀለሃ ውስጥ ባሩድ ሰፍሮ አረር የሚገጥም ሰው መደርደሪያው ላይ አምስት ዓይነት ባሩድ መኮልኮል የለበትም። አንዱ ይበቃዋል፤ ያም አንዱ ሆጅደን የተባለው ድርጅት የሚሸጠው ኤችፒ-38 ቢሆን አይቆጭም። .357 ማግነምን ወይም .44 ማግነምን በሙሉ ጉልበቱ መተኮስ ለሚፈልግ ግን መልሱ ይለወጣል፤ እሱ ታች ይመጣል።

መጀመሪያ የስሙ ነገር። ኤችፒ-38 እና ዊንቸስተር 231 ሁለት ስም የወጣለት አንድ ባሩድ ነው። የዊንቸስተርን ባሩድ የሚሸጠውም ሆጅደን በመሆኑ በድርጅቱ ሰንጠረዥ ላይ የሁለቱ ልክ ቁጥር በቁጥር ይገጥማል። ስለዚህ አንዱ ሲጠፋ ሌላውን መግዛት ነው፤ ዋጋቸው ከተለያየ ረከስ ያለውን ማንሳት። የአንዱን ትራፊ ግን ሌላው ዕቃ ውስጥ መገልበጥ አይገባም። ከፋብሪካ የወጡበት ዙር ስለማይመሳሰል የአነዳደድ ፍጥነታቸው ትንሽም ቢሆን ይዛነፋል፤ ከተቀላቀሉ በኋላ ደግሞ የትኛው ዙር ምን እንዳመጣ መለየት አይቻልም።

ሦስቱን ጥይቶች በአንድ ባሩድ ማስተናገድ ለምን ይከብዳል? ግፊታቸው ስለማይቀራረብ ነው። ሳሚ የተባለው የአሜሪካ አምራቾች ተቋም ያስቀመጠው ጣሪያ ለ.38 ስፔሻል 17,000፣ ለ.45 ኤሲፒ 21,000፣ ለ9 ሚሊሜትር 35,000 ፓውንድ በካሬ ኢንች ነው። ዘገምተኛ ባሩድ ግፊቱ ዝቅ ባለው ቀለሃ ውስጥ ተቃጥሎ አያልቅም፤ አፈሙዙ ውስጥ ያልነደደ ፍሬ ይተዋል፤ ቀለሃውም በማጉረሻው ግድግዳ ላይ በደንብ ስለማይለጠፍ ጭሱ ወደ ኋላ ሾልኮ ውጪውን ጥላሸት ያለብሰዋል። በጣም ፈጣኑ ደግሞ በ9 ሚሊሜትሯ ጠባብ ቀለሃ ውስጥ አረሩ ገና ሳይርቅ ግፊቱን ጣሪያ ያደርሰዋል፤ ጣሪያው ቶሎ ስለሚደረስ የሚገኘው ፍጥነት ያንሳል፣ ለስህተት የሚተርፈው ቦታም ይጠባል። ኤችፒ-38 ከመካከለኛው ወደ ፈጣኑ ያዘነበለ ነው። .38 ስፔሻል ላይ ሙሉ ለሙሉ ሊባል በሚችል ሁኔታ ይነድዳል፣ .45 ላይ ቤቱ ነው፣ 9 ሚሊሜትር ላይ ደግሞ ለዒላማ የሚበቃ ፍጥነት ይሰጣል። የ9 ሚሊሜትርን የመጨረሻ ፍጥነት ለሚያሳድድ ሰው አልተሠራም፤ ለዚያ ዘገም ያሉ ባሩዶች ይበልጡታል።

የዚህ ባሩድ ትልቁ ችሎታ ግን መስፈሪያ ውስጥ፣ ማለትም እጀታው ሲሳብ ባሩዱን በመጠን ለክቶ በሚያወርደው ዕቃ ውስጥ፣ የሚያሳየው ነው። ፍሬው ደቃቅና ጠፍጠፍ ያለ ክብ ስለሆነ እንደ ደረቅ አሸዋ ይወርዳል። በደህና መስፈሪያ አሥር ጊዜ ተሰፍሮ አሥሩም ለየብቻ ቢመዘን፣ ልዩነቱ ከ0.1 ግሬን ወዲያና ወዲህ እምብዛም አያልፍም። 0.1 ግሬን 6.5 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የሽጉጥ ጥይት ስፍር ራሱ ትንሽ ነው። ለስሌት ያህል ስፍሩ 5 ግሬን ነው እንበል፦ የ0.1 ስህተት 2 በመቶ፣ የ0.3 ስህተት 6 በመቶ ይሆናል። ከጣሪያው አጠገብ ለሚሞላ ሰው 6 በመቶ ቀልድ አይደለም።

መስፈሪያውን ለማስተካከል ሁለት ዓይነት ምዘና ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው አንዱን ብቻ ይሠራል። አንደኛው አሥር ስፍር በአንድ ሳህን አጠራቅሞ መዝኖ ለ10 ማካፈል ነው። ሚዛኑ ከ0.1 በታች ማየት ባይችልም አማካዩ በዚህ ይገለጣል። ሁለተኛው አሥሩን አንድ በአንድ መመዘን ነው፤ ምክንያቱም አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ብሎ አማካዩ ትክክል ሊመስል ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ስፍሮች ባሩዱ እስኪረጋ ድረስ ስለሚዋዥቁ ወደ ዕቃው ይመለሳሉ። እጀታውን ከላይም ከታችም በአንድ ዓይነት ኃይል ማንኳኳት፣ የባሩድ መያዣውም ከሲሶ በታች ሳይወርድ መሙላት ይገባል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሚዛን ከተከፈተ በኋላ የሚሞቅበት ጊዜ ይፈልጋል፤ ማራገቢያ ወይም ክፍት መስኮት አጠገብ ከተቀመጠ ቁጥሩ ይዋልላል፣ ሰውየው ግን መስፈሪያውን ይወቅሳል። ክብደቱ የታወቀ ድንጋይ አስቀምጦ በየመሐሉ መፈተሽ ከዚህ ሁሉ ንትርክ ያድናል።

አሁን ወደ እንከኑ። .38 ስፔሻል እ.ኤ.አ. በ1898 ሲወጣ ቀለሃው የተለካው ለጥቁር ባሩድ ነበር። ርዝመቱ 29.3 ሚሊሜትር ነው፤ የ9 ሚሊሜትሯ 19.15 ብቻ። ዘመናዊው ባሩድ ደግሞ ጥቂቱ ብዙ ስለሚሠራ፣ ኤችፒ-38 በዚያ ረጅም ቀለሃ ውስጥ ከታች ተንጣሎ ብዙውን ቦታ ባዶ ይተወዋል። ከዚህ ሁለት ችግር ይወለዳል።

አንደኛው ድርብ ስፍር ነው። በ9 ሚሊሜትር ቀለሃ ሁለት ጊዜ ከተሰፈረበት ባሩዱ አፉ ድረስ ይሞላል ወይም ይፈሳል፤ ዕውር ካልሆኑ በቀር አያመልጥም። በ.38 እና በ.45 ግን ድርቡ ያለ ጭንቅ ይገባል፣ አረሩም ላዩ ላይ በሰላም ይቀመጣል። ቃታ ሲሳብ የሚሆነው የታወቀ ነው፤ ሽጉጡም እጅም አብረው ይሄዳሉ። መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ቀለሃዎቹን ባለ 50 ቀዳዳ እንጨት ላይ ደርድሮ፣ መብራቱን ከላይ ሳይሆን ከጎን አዘንብሎ ረድፍ በረድፍ ማየት። የ.38 ቀለሃ ጠባብና ጥልቅ ስለሆነ ግራጫው ባሩድ ከጨለማው ጋር ይመሳሰላል፤ ዓይን ካመነታ ቀጭን የእንጨት ዘንግ ትክክለኛው ስፍር ላይ እስኪያርፍ ወደ ውስጥ ሰድዶ ከቀለሃው አፍ እኩል በሚሆንበት ላይ በምላጭ ጭረት ማድረግ ነው። ድርብ ከሆነ ጭረቱ ከቀለሃው አፍ ብቅ ይላል፤ ባዶ ከሆነ ይሰምጣል። ባዶውም ከድርቡ ያልተናነሰ ጠንቅ አለው፦ ፕራይመሩ፣ ቀለሃው ቂጥ ላይ ሆኖ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው፣ ብቻውን አረሩን አፈሙዙ መሐል ይሰነቅረዋል፣ ተኳሹ ድምፁ ፈዘዘ ብሎ ሳይጠራጠር ቀጣዩን ከተኮሰ አፈሙዙ ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል። እጀታው በተሳበ ቁጥር ብዙ ደረጃ አብሮ የሚሠራ የመሙያ መሣሪያ የሚጠቀሙ ሰዎች የባሩዱን ከፍታ የሚፈትሽና ሲዛነፍ መሣሪያውን የሚቆልፍ ዳይ የተባለ ተገጣሚ ቢጨምሩ ገንዘባቸው አይባክንም።

ሁለተኛው ችግር ባሩዱ የሚተኛበት ቦታ ነው። ሽጉጡ አፈሙዙ ወደ ታች ሆኖ ቀና ሲደረግ ባሩዱ አረሩ ሥር ይከማቻል፤ ወደ ላይ ሆኖ ዝቅ ሲደረግ ፕራይመሩ ላይ ያርፋል። በሁለቱ መካከል የፍጥነት ልዩነት ይኖራል፣ በቀላል የ.38 ሙሌት ላይ ልዩነቱ በፍጥነት መለኪያ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኤችፒ-38 ከዚህ ነፃ አይደለም። በ15 ሜትር ዒላማ ላይ ማንም አያስተውለውም፤ የፍጥነት ቁጥር አነባለሁ የሚል ሰው ግን እያንዳንዱን ጥይት ከመተኮሱ በፊት ሽጉጡን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያዘንብል፣ አለዚያ የሚለካው የእጁን አመል ነው።

ተፎካካሪዎቹስ? ታይትግሩፕ፣ የዚያው የሆጅደን፣ ባሩዱ ቀለሃው ውስጥ የትም ቢተኛ ደንታ የለውም፤ ስፍሩም አነስተኛ ስለሆነ አንድ ፓውንድ ብዙ ጥይት ያስኬዳል። ዋጋውን ግን በሌላ በኩል ያስከፍላል። ትንሽነቱ ድርብ ስፍርን ይበልጥ ይደብቃል፣ አነዳደዱ ትኩስ ስለሆነ አፈሙዙ ቶሎ ይግላል፣ ከጣሪያው አጠገብም ግፊቱ በድንገት ይዘላል። ለጀማሪ የሚመከር አይደለም፤ የሚመክሩት ሰዎች ቁጠባውን ብቻ እያዩ ነው። ኤላያንት የተባለው ድርጅት ዩኒክ ተቃራኒው ነው። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የቆየ፣ ቀለሃውን ሞላ የሚያደርግ፣ ከ9 ሚሊሜትር እስከ መካከለኛ .44 ማግነም ድረስ የሚዘልቅ፤ በሁለገብነት ብቻ ቢዳኝ ከኤችፒ-38 ይቀድማል። ችግሩ ሰፊ ቅርፊት መሆኑ ነው። በጠባብ መስፈሪያ ውስጥ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ድልድይ ይሠራሉ፤ አንዱ ስፍር ይጎድላል፣ የጎደለው ተከታዩ ላይ ይወድቃል። እያንዳንዱን ስፍር በሚዛን ለሚመዝን ትዕግሥተኛ ሰው ዩኒክ ግሩም ነው፤ በሰዓት መቶዎችን ለሚሞላ ግን ራስ ምታት። በቀላል ሙሌትም ጭሱና ጥላሸቱ ይበዛል። የፊንላንዱ ቪታቩሪ ኤን340 ከሁሉም ንጹሕ ነድዶ፣ በመስፈሪያም በወግ ይወርዳል፤ ኪስ የሚፈቅድለት ሰው ከዚህ ግምገማ ቀጥሎ ያለውን ባያነብም ይችላል።

ማግነሙ ላይ ስንመጣ፣ ኤችፒ-38 በ.357 ቀለሃ ውስጥ ለቀላል ሙሌት ይሆናል፤ ሙሉ ጉልበት ግን አይሰጥም፣ በግድ እንዲሰጥ መግፋትም ግፊቱን ከ35,000 ጣሪያ ማሳለፍ ነው። ለሙሉ ጉልበት ኤች110ን የመሰለ ዘገምተኛ ባሩድ ይመጣል፤ እሱም የራሱ ሕግ አለው። ከመጽሐፉ ልክ ከ3 በመቶ በላይ እንዳይቀነስ አምራቹ ያስጠነቅቃል፣ ሲቀነስ አነዳደዱ ስለሚሰናከል። ለ.38 የለመደ እጅ «ትንሽ ቀንሼ እጀምራለሁ» የሚለውን ደግ ልማድ እዚህ ይዞ ከመጣ ልማዱ ራሱ ይጎዳዋል።

እዚህ ጽሑፍ ላይ የሙሌት ልክ በግሬን ያልሰፈረው ሆን ተብሎ ነው። ልኩ ከአምራቹ መጽሐፍ ብቻ ይወሰዳል፤ ከዝቅተኛው ይጀመራል፣ በ0.1 ግሬን ይወጣል። መጽሐፉ ሲነበብ የአረሩ ክብደት ብቻ አይበቃም። የ9 ሚሊሜትሩ 124 ግሬን አረር እርሳስ ከሆነ መስመሩ ሌላ፣ የመዳብ ልብስ ካለው ሌላ ነው። ከሁሉ የሚያሳስተው የ.38ቱ 148 ግሬን ዋድካተር፣ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነው የዒላማ አረር፣ ነው፦ አረሩ ከቀለሃው አፍ እኩል ሆኖ ወደ ውስጥ ስለሚሰጥም ለባሩዱ የሚቀረው ቦታ ትንሽ ነው፣ ግፊቱም ቶሎ ይወጣል። ከ158 ግሬኑ አረር ይቀላል ብሎ የ158ቱን ልክ መስጠት የሒሳብ እንጂ የጥይት ዕውቀት አይደለም። በ9 ሚሊሜትርም አረሩ የሽጉጡ ካዝና ውስጥ ወይም ሲጎርስ ተገፍቶ ወደ ውስጥ ከገባ እንዲሁ ነው፤ የተሞላውን ጥይት ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በአውራ ጣት ገፋ አድርጎ ርዝመቱን በካሊፐር ደግሞ መለካት፣ ካጠረ የአፍ መጨበጫው ላላ ማለት ነው። የ.45 ቀለሃ ሲለቀም ደግሞ የፕራይመሩ ጉድጓድ ይታይ፤ ትልቁም ትንሹም ገበያ ላይ አለ፣ ሲደባለቁ መሣሪያው መሐል መንገድ ላይ ይቆማል።

ስንት ይግዙ ለሚለው፣ አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬን ነው። በ5 ግሬን ስሌት 1,400 ጥይት፣ በ4 ግሬን 1,750። ሲሞከር አንድ ፓውንድ፣ ከተወደደ በኋላ ትልቁን ዕቃ መግዛት ይሻላል፤ ምክንያቱም አንድ ዙር ባሩድ ለረጅም ጊዜ ማለት ተደጋጋሚ ማስተካከል ቀረ ማለት ነው። ባሩዱ በመጣበት ዕቃ፣ ቀዝቀዝ ባለና ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ሥራ ሲያልቅ መስፈሪያው ውስጥ አይደር፤ ናይትሮግሊሰሪን ያለበት ባሩድ የፕላስቲኩን መያዣ ያደበዝዘዋል፣ ይበላዋልም፣ ከዚያ የባሰው ደግሞ በማግሥቱ «ይሄ የቱ ባሩድ ነበር?» ማሰኘቱ ነው። ጠረጴዛው ላይ ከአንድ በላይ የባሩድ ዕቃ አይቁም። ክዳኑ ሲከፈት ኮምጣጣ የሚሰነፍጥ ሽታ ወይም ዝገት የመሰለ ቀይ ብናኝ ካለ ተበላሽቷል፤ ከደህናው ጋር አይቀላቀልም። አዲስ ዙር ሲከፈት ደግሞ፣ ስሙ ያው ኤችፒ-38 ቢሆንም፣ ጣሪያው አጠገብ ያለ ሙሌት ወደ ታች ወርዶ እንደገና በፍጥነት መለኪያ ይታያል።