የግሸን ተጓዦች፣ ካርቶኑን ሳትከፍቱ ጫማ አትግዙ

ይህን የምጽፈው ዛሬ መስከረም 23 ቀን ከደሴ ፒያሳ እንደተመለስኩ ነው፤ ንዴቴ ገና አልበረደም።

እናቴ ጉልበቷ ሳይደክም ለመስከረም 21 ንግሥ ከደሴ ግሸን ማርያም በእግሯ ትሄድ ነበር። ዘንድሮ ስለቷን እኔ ላድርስላት ብዬ በደመራ ዋዜማ ጫማ ልገዛ ወጣሁ። በበዓል ሰሞን «ኦርጅናል ነው፣ የግሸንን መንገድ ይችላል» እያሉ የሚጠሩትን ነጋዴዎች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። መደርደሪያ ላይ የነበረውን ለካሁት፤ ቆዳው ለስላሳ፣ ሶሉም ዙሪያውን በወፍራም ክር የተሰፋ ነበር። በ3,200 ብር ከተስማማን በኋላ ሻጩ «ያለ ደረሰኝ ከሆነ 3,000 ይሁንልሽ» አለኝ፤ እሺ አልኩ። ቀጥሎም «ይሄ ለእይታ የተቀመጠ ስለሆነ አቧራ ጠጥቷል፤ አዲሱን ከነካርቶኑ ላምጣልሽ» ብሎ፣ ራሱ ጎንበስ ብሎ ከእግሬ ላይ ፈታልኝና ወደ ጓዳ ገባ። ሲመለስ ካርቶኑ ጎን ላይ የተጻፈውን 38 ቁጥር በጣቱ አሳየኝ። ክዳኑን ከፍቼ የተሸፈነበትን ወረቀት ልገልጥ እጄን ስዘረጋ፣ «አብሽሪ እህት ዓለም፣ ያው ነው» ብሎ ክዳኑን መለሰና በፌስታል ቋጠረው። እኔም እጄን ሰበሰብኩ። እህት ዓለም ያለኝን ሰው ፊት ለፊት መጠርጠር ነውር መሰለኝ፤ አሁን ያንን የሰበሰብኩትን እጄን ሳስብ እንቅልፍ የለኝም።

ቀለሙና ቅርጹ አንድ ስለነበር መስከረም 18 ሌሊት አጥልቄው ስነሳ አልጠረጠርኩም። ኩታበርን አልፈን ጭቃ እንደጀመርን የቀኙ ሶል ከፊት ተላቀቀ። ስፌት የመሰለኝ ነገር በፕላስቲኩ ላይ የተቀረጸ መስመር ብቻ ነበር፤ ውስጡ ደግሞ ውኃ ሲነካው የሚያብጥ ወረቀት ነው። የነጠላዬን ጠርዝ ቀድጄ አሰርኩት፤ በማግስቱ ግራውም ተከተለ። ውኃ የቋጠረው ተረከዜ ፈንድቶ መቆም ሲያቅተኝ አንዲት የማላውቃቸው እናት ኮንጎ ጫማቸውን አውልቀው ሰጡኝ፤ እርሳቸው ግማደ መስቀሉ ወዳለበት አምባ የሚያወጣውን አቀበት በባዶ እግራቸው ወጡት። በንግሡ ሕዝብ መካከል ተጠፋፋን፤ ኮንጎው እስካሁን እኔ ዘንድ ነው።

ዛሬ የተቦጫጨቀውን ጫማ ይዤ ሱቁ ስገባ ሻጩ ከወንበሩ አልተነሣም። «ደረሰኝ አለሽ?» አለኝ። የለኝም ስለው «ይሄ የከተማ ጫማ ነው፤ መኪና እያለ ተራራ በእግርሽ ውጪ ያለሽ ማነው?» አለ። የግሸንን መንገድ ይችላል ብሎ የሸጠልኝ እርሱ ራሱ ነው! ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁለት ልጆች ሳቁ፤ አንደኛው ጫማውን በእግሩ ገፍቶ ወደ በሩ አቀረበልኝ። በጨርቅ የታሰረው ተረከዜን እያዩ ነው ይህን ያደረጉት።

ለኅዳር ጽዮን ጫማ የምትገዙ ሁሉ፣ የለካችሁትን ራሱን አስጠቅልሉ፤ ከጓዳ የመጣውንም እዚያው አውጥታችሁ አጥልቁት። ለ200 ብር ብላችሁ ደረሰኝ አትተዉ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ማስለወጥ ወይም ገንዘብ ማስመለስ ይፈቅዳል። እኔ ከገዛሁ ገና ስምንተኛ ቀኔ ስለሆነ፣ ደረሰኝ ባይኖረኝም ነገ ጠዋት ጫማውን በዚያው ፌስታል ይዤ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ።