ሰሜን ሸዋ ላይ በወር የሚከራይ መኪና፦ ፕራዶ፣ ቪ ኤይት ወይስ ኤሌክትሪክ?

ቁርጡን ከፊት ላስቀምጠውና ጊዜ የሌለው ከዚሁ ይመለስ። ሥራችሁ ከአስፋልት የሚወጣ ከሆነ ፕራዶ ተከራዩ። በዋናው መንገድ ብቻ፣ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ቢበዛም እስከ ሸዋ ሮቢት የምትመላለሱ ከሆነና መኪናው ማታ ግቢያችሁ ውስጥ የሚያድር ከሆነ ኤሌክትሪክ ያዙ። ከኤሌክትሪኮቹም እኔ የፎልክስዋገኑን አይዲ ፎር አስቀድማለሁ። ቪ ኤይትን በዓመት ውል መያዝ ገንዘብ ለተረፈው ሰው ነው።

የማወራው በወር ወይም በዓመት ውል ስለሚያዙ ደህና ደህና መኪኖች ነው። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ በፋብሪካ ከሆነች ወዲህ ፈላጊው በዝቷል። እንግዳ የሚያመላልስ ድርጅት አለ፣ ፕሮጀክት ይዞ መንዝ የሚወጣ አለ፣ ከውጭ መጥቶ ዓመት ሊከርም ያሰበም አለ። ሁሉም ደላላ ጋ ሲሄድ ቀድሞ የሚጠይቀው "የስንት ሞዴል ነው?" ብሎ ነው። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ግን ራሱን ነው፦ መኪናው የት የት ይሄዳል? የትስ ያድራል?

ምክንያቱም የእኛ አገር መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ጣሊያን የሠራውን ዋሻ አልፋችሁ፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝታችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ሃምሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከጃኬት ወደ ካናቴራ ማለት ነው። ወደ መንዝ ከታጠፋችሁ ደግሞ ጠጠርና አቧራ፣ ጓሳ ስትደርሱ ዳግመኛ ከ3,200 ሜትር በላይ። ሞረትና ጅሩ ሌላ ጉድ ነው፤ ስንዴና ጤፉን የሚያበቅለው ያ ጥቁር መረሬ አፈር ሐምሌ ላይ ጎማ ጠቅልሎ ይይዛል።

ከፍታው ለሞተር ቀላል አይደለም። ቱርቦ የሌለው ቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ያጣል፣ አየሩ ስስ ነዋ። ጣርማበር ላይ ሲደርስ ሲሶው ሄዷል ማለት ነው። ስለዚህ ባለ 2.7 ሊትር ቤንዚን ፕራዶ በርካሽ ቢያቀርቡላችሁ "ፕራዶ ነው" ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። አምስት ሰውና ሻንጣ ጭኖ ዳገት ላይ ሲያቃስት የቆጠባችሁት ብር አያስደስታችሁም። ባለ ቱርቦ ናፍጣ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ይቋቋማል። ኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ ከነጭራሹ አየር አይፈልግም፤ ጣርማበር ላይም ቦሌ ላይም ጉልበቱ ያው ነው።

ፕራዶ ስል 150 የሚባለውን፣ ናፍጣውን ማለቴ ነው። መጀመሪያ በ3.0 መጣ፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ 2.8 ሆነ፣ በ2020 ደግሞ ያው 2.8 ከ177 ወደ 204 ፈረስ ጉልበት አደገ። የምትፈልጉት የመጨረሻውን ነው። ካልተገኘ 177ቱም ያወጣችኋል። ሻንሲው ጠንካራ ነው፣ ከመሬት ከፍ ያለ ነው፣ አራቱም ጎማ ይጎትታል፣ ጭቃና ቀጥ ያለ ዳገት ላይ የምታስገቡት ዝቅተኛ ማርሽም አለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቢበላሽ የማያውቀው መካኒክ የለም። መንዝ ውስጥ መሃል ሜዳ ከተማ ላይ ብትቆሙ መለዋወጫው በአውቶቡስ ተልኮ ይደርሳችኋል። የናፍጣ ፍጆታው እንደ አነዳዱና እንደ ጭነቱ ይለያያል፣ በሊትር 9 ወይም 10 ኪሎ ሜትር ከሄደላችሁ ደስ ይበላችሁ።

ችግሩ ሌላ ነው። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀም አውቶሞቢል አገር ውስጥ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ናፍጣ ፕራዶ ያለው ሰው መኪናውን እንደ ጥርሱ ነው የሚጠብቀው። የሚከራየው ሁሉ ያገለገለ ነው፣ አከራዩም ተመሳሳዩን በቀላሉ እንደማይተካ ስለሚያውቅ ዋጋውን ይሰቅላል። እናም ፕራዶ ስትከራዩ ሞዴሉን ትታችሁ ሁኔታውን እዩ። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሂዱና አስነሱት። ደብረ ብርሃን ጠዋት ላይ የሚያስቸግር ናፍጣ ያጋልጣል፤ አንዴ ክር ብሎ ካልተነሳ፣ ነጭ ጭስ ካንቦለቦለ፣ አመስግናችሁ ውጡ። አከራዩ "አሙቄ ጠበቅኳችሁ" ካለም ኮፈኑን በእጃችሁ ዳብሱና ነገ በሌሊት እመጣለሁ በሉት።

ቪ ኤይት፣ ማለትም ላንድ ክሩዘር 200፣ ስለ ምቾቱ ክርክር የለኝም። 4.5 ሊትር ባለ ስምንት ሲሊንደር ናፍጣ ነው። የሁለቱ ሳልባትዮ ድምር 138 ሊትር ስለሆነ አዲስ አበባ አንዴ ከሞላችሁት መሃል ሜዳ ደርሶ መልስ ማደያ ሰልፍ ላይ አትቆሙም፣ ይህ ደግሞ ናፍጣ በጠፋ ሰሞን ትልቅ ነገር ነው። ግን ከ2.6 ቶን በላይ ይመዝናል። በሊትር 7 አካባቢ ቢሄድ ነው። ጎማው ውድ፣ ሰርቪሱ ውድ፣ ኪራዩም እንደዚያው። ከጣርማበር ቁልቁል ሲወርድ ክብደቱ በፍሬን ላይ ነው የሚያርፈው፤ በማርሽ መያዝ የማያውቅ ሾፌር ከሆነ ደብረ ሲና ስትደርሱ የፍሬን ሸራው ሽታ መኪናው ውስጥ ይገባል። ፕራዶ የማይገባበት፣ ቪ ኤይት ብቻ የሚገባበት የሰሜን ሸዋ መንገድ ደግሞ አላየሁም። ትልቅ እንግዳ አለ ወይ ሰርግ ነው ከተባለ በቀን ተከራዩት፣ አብረቅርቁት፣ መልሱት። 300ው፣ ባለ 3.3 ቪ ሲክሱ፣ ከዚህም ይሻላል፤ ግን እሱን የሚከራይ ሰው ይህን ጽሑፍ አያነብም።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኮቹ። ደላላ ጋ በብዛት የሚቀርቡላችሁ አራት ናቸው፦ አይዲ ፎር፣ አይዲ ሲክስ፣ ቶዮታ ቢዚ ፎር ኤክስ እና ቢዋይዲ ሶንግ ፕላስ።

ሒሳቡን ከመንገዱ ልጀምር። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ደርሶ መልስ 260። በዚህ መንገድ አንድ ደህና ኤሌክትሪክ መኪና በየ100 ኪሎ ሜትሩ 20 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል ብላችሁ ያዙ። 52 ማለት ነው። ትልቁ ባትሪ ያለው አይዲ ፎር 84 ገደማ ስለሚይዝ ሄዳችሁ ተመልሳችሁ ይተርፋችኋል። ቢዚ ፎር ኤክስ 71.4 ነው፣ የቻይናው ስሪት ደግሞ ከዚያ ያንሳል፤ ይደርሳል፣ ግን የአዲስ አበባ መጨናነቅ ሲጨመርበት ዓይናችሁ ከፐርሰንቱ ላይ አይነሳም። ሶንግ ፕላስ 72 ገደማ የሆነውም 87 የሆነውም አለ፣ የትኛው እንደሆነ ሳታረጋግጡ ቀብድ አትክፈሉ። ደላላው "600 ኪሎ ሜትር ይሄዳል" ሲል የሚነግራችሁ የቻይና መለኪያውን ነው። ከዚያ ላይ ሩቡን ቀንሱና ተነሱ።

ጣርማበር ላይ ኤሌክትሪክ ጥሩ ጎኑንም መጥፎ ጎኑንም ያሳያል። ስትወርዱ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። የአይዲ ፎርን ማርሽ ቢ ላይ ካደረጋችሁት ፍሬን ብዙም ሳትነኩ ትወርዳላችሁ፤ ሮቢት ስትደርሱ ባትሪው አለመቀነሱ ብቻ ሳይሆን ትንሽ ጨምሮ ልታገኙት ትችላላችሁ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ባትሪው ጥግ ድረስ ሞልቶ ቁልቁለት ከጀመራችሁ ኃይሉን የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው መያዙን ይቀንሳል፣ ሥራው ሁሉ ወደ ፍሬን ይዞራል። መመለሱ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ከሁለት ቶን በላይ የሆነ መኪና 1,900 ሜትር ወደ ላይ ማውጣት ብቻውን ከ11 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈልጋል። የመንገዱ ሲደመር 20 ገደማ ይሆናል። ከሮቢት ጣርማበር የባትሪያችሁ ሩብ አለቀ ማለት ነው፣ ደብረ ብርሃን ገና ነው። ስለዚህ ሮቢት ላይ በ40 ፐርሰንት አትነሱ።

ብርዱም አለ። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ መሆኗን አትርሱ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውጭ ያደረ ባትሪ ጠዋት ቀስ ብሎ ነው ኃይል የሚቀበለው፣ የሚሄድላችሁ ርቀትም ይቀንሳል። ይህ የሶንግ ፕላስን ዓይነት ባትሪ፣ ኤል ኤፍ ፒ የሚሉትን፣ ይበልጥ ይነካዋል። በሌላ በኩል ያ ባትሪ ሙቀትን ይችላል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው፤ ኑሯችሁ ሮቢት ከሆነ ሶንግ ፕላስ ጥሩ ምርጫ ነው። የሚጎትተው ግን በፊት ጎማ ነው። ጠጠር ዳገት ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ሲሄድ የፊት ጎማው ይሽከረከራል፣ አቧራ ያስነሳል፣ መኪናው ባለበት ይቀራል። አይዲ ፎር አብዛኛው በኋላ ጎማ ስለሚገፋ ዳገት ላይ ይሻላል፣ ከሥር ግን ዝቅ ይላል። ድንጋይ የበዛበት መንገድ ላይ ባትሪው ሥር ኳ ሲል ልባችሁም ኳ ይላል።

ከመሬት ከፍታው የተሻለው ቢዚ ፎር ኤክስ ነው፣ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ አለው፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትተው ስሪትም ይገኛል። የቀረውም ቶዮታ ነው፣ አጨራረሱ ያምራል። እ.ኤ.አ. በ2022 የጎማ ብሎኑ ሊላላ ይችላል ተብሎ ቶዮታ የመጀመሪያዎቹን መኪኖች ለጥገና ጠርቶ ነበር። የዚያን ጊዜ ምርት ከሆነ መሠራቱን ጠይቁ። አይዲ ሲክስ በአጭሩ ሦስት ረድፍ መቀመጫ ያለው ትልቁ ወንድም ነው፤ ቤተሰብ ወይም እንግዳ ለሚያመላልስ ከሁሉም ይመቻል፣ ከአስፋልት ለሚወጣ ግን ሆዱ ረጅም ነው።

ሁለት ነገር ደግሞ ማንም ቀድሞ አይነግራችሁም። አንደኛው ሶኬቱ ነው። ከቻይና ገበያ የመጣው አንድ ዓይነት፣ ለአውሮፓ የተሠራው ሌላ ዓይነት መሰኪያ አለው፣ ያልገጠመ ፈጣን ቻርጀር ደግሞ ለእናንተ ጌጥ ነው። ከግድግዳ በተራ ሶኬት ባዶውን አይዲ ፎር ለመሙላት አንድ ቀን ተኩል ይፈጃል፤ 7 ኪሎዋት የሚሰጥ ቻርጀር ካስተከላችሁ ግን ማታ ሰክታችሁት ጠዋት ትደርሱበታላችሁ። መብራት በጠፋባቸው ሌሊቶች ምን እንደምታደርጉም አስቡበት። ሁለተኛው ተለዋጭ ጎማ ነው። ብዙዎቹ የላቸውም፣ የሚሰጣችሁ የአየር መንፊያና ማጣበቂያ ነው። ጎኑ የተቀደደ ጎማ በማጣበቂያ አይዳንም። አከራዩ ተለዋጭ ጎማ እንዲጨምር በውሉ ላይ ይጻፍ።

ስለ ውሉ ካነሳን አይቀር፣ ወርሃዊ ዋጋው ላይ ብቻ አትከራከሩ። ታርጋው ኮድ 3 ይሁን፤ የግል ታርጋ ለጥፎ በኪራይ የሚሠራ መኪና ኢንሹራንስ ጋ ሲደርስ ጣጣ ያመጣል። ሊብሬው የማን ስም እንደሆነ እዩ፣ የራሱ ካልሆነ ውክልናውን ጠይቁ። ቦሎው የዘንድሮ ይሁን። ሙሉ ኢንሹራንስ አለው ወይስ ሦስተኛ ወገን ብቻ? አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ የማይሸፍነውን ድርሻ ማን ይከፍላል? በወር ስንት ኪሎ ሜትር ነው የተፈቀደው፣ ካለፈስ? መንዝ የምትመላለሱ ከሆነ ይህቺ ቁጥር ከኪራዩ በላይ ልታስከፍላችሁ ትችላለች። ጎማ ካለቀ የማን ነው? አከራይ ሁሉ "የአጠቃቀም ነው" ይላል፣ ጠጠር መንገድ ላይ ደግሞ ጎማ በእርግጥ ቶሎ ያልቃል፤ ስትረከቡ የጎማውን ጥርስ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን፣ ጭረቱን ሁሉ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። ኤሌክትሪክ ከሆነ የባትሪውን ጤንነት በመሣሪያ አስለኩና ውጤቱን ከውሉ ጋር አያይዙ።

ሾፌሩ የአከራዩ ከሆነ አበሉና ማደሪያው በማን እንደሆነ፣ እሑድና በዓል እንዴት እንደሚቆጠር ይጻፍ። ብልሽት ሲያጋጥም በስንት ሰዓት ውስጥ ምትክ መኪና እንደሚመጣም እንዲሁ፤ "ወዲያው" የሚል ውል አትፈርሙ፣ ሰዓቱ በቁጥር ይቀመጥ። መንገድ ተዘግቶ መኪናው የቆመበት ቀን ኪራይ ይታሰባል ወይስ አይታሰብም? በዚህ ዞን ይህ የሚያጋጥም ነገር ነው። አከራዩ "ያኔ እንነጋገራለን" ካለ አሁኑኑ ተነጋገሩ፣ ግማሽ ኪራይ ላይ ከተስማማችሁም እሱኑ ውሉ ላይ አስገቡ።