ለድሬድኖት ጊታር ታናሽ ሲመረጥ

ጊታሬ ያማሃ ኤፍጂ 800 ነው። ድሬድኖት ከሚባሉት ሰፊ ደረት ካላቸው ጊታሮች ወገን ሲሆን የክሩ ርዝመት 650 ሚሊ ሜትር፣ የፊት ገጹ ደግሞ ወጥ ስፕሩስ (ጥድ መሰል እንጨት) ነው። ጣና ዳር ከዋርካው ሥር አሥር ሰው ከብቦ ሲዘፍን ድምፁ ለሁሉም ይዳረሳል፤ ለዚህ ሥራ የተሻለ አልመኝም። ማታ ቤት ስንገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እህቴ በለሆሳስ ትዝታ ስታንጎራጉር፣ በአውራ ጣቴ ብቻ እንኳ ብነካው፣ የወፍራሞቹ ክሮች ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ የእርሷን ይውጠዋል። በስልክ የቀዳነውን መልሰን ስናዳምጥ ከቃሏ ይልቅ ጉምጉምታው ይሰማል። ሁለተኛ ጊታር መፈለግ የጀመርኩት ያኔ ነው። ፍለጋው አንድ ዓመት ፈጀ፤ በዚያ ጊዜ ከዘመድ፣ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ሆቴል ከሚጫወቱ ወዳጆቼ እየተዋስኩ የሞከርኳቸውን እዚህ ጎን ለጎን አቀርባለሁ።

ብዙ ሰው «የትኛው ትንሽ ጊታር ጥሩ ነው?» ብሎ ይጀምራል። እኔም እንደዚያ ጀምሬ ብዙ ቀን አባከንኩ። ትልቅ ጊታር በእጁ ላለ ሰው የሚጠቅመው ጥያቄ «ያለኝ ጊታር ምን ይሳነዋል?» የሚለው ነው። መልሱን ያገኘሁት ከክራር ነው። ክራር በግርፍም በድርድርም ይመታል። በግርፍ ጊዜ ክሮቹ ባንድ ላይ ሲመቱ የማይፈለጉት በግራ እጅ ጣቶች ይታፈናሉ፤ በድርድር ጊዜ ጣት አንድ አንዱን ክር እየለየ ዜማውን ያወጣል። ድሬድኖት ለግርፍ የተሠራ ጊታር ነው። ስለዚህ ታናሹን ስንመርጥ ድርድሩን እንዴት ያወጣዋል ብለን መስማት አለብን።

ታናሽ ማለቴ በመጠን እንጂ በዕድሜ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን ጊታሮች ባብዛኛው ትንንሾች ነበሩ። ድሬድኖት የተባለውን ቅርጽ የአሜሪካው ማርቲን ኩባንያ በ1916 እ.ኤ.አ. ዲትሰን ለተባለ የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴ ሠራው፤ በራሱ ስም ያወጣው በ1931 እ.ኤ.አ. ነው። ስሙም በ1906 እ.ኤ.አ. ወደ ባሕር ከወረደው የእንግሊዝ የጦር መርከብ የተወሰደ ነው። ግዝፈቱን ለማሳየት የወጣለት ስም ነው፤ ይገባዋልም።

ግዝፈቱ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ለምርጫው ይረዳል። ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ በሰከንድ 82 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ይህን ዝቅ ያለ ድምፅ አግዝፎ ወደ ክፍሉ ለማውጣት ሰፊ የፊት ገጽና ብዙ አየር የሚይዝ ሳጥን ያስፈልጋል። ትንሽ ሳጥን ይህ አቅም ስለሌለው ጆሮ የሚያገኘው በዋናነት መካከለኛውን ድምፅ ነው። ይህን እንደ ጉድለት የሚያዩ አሉ። ለእኛ ዜማ ግን ሀብት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የሚሄዱ ቅኝቶች ናቸው፤ በድምፆቹ መካከል ያለው ክፍተት ራሱ የዜማው አካል ነው። የወፍራም ክር ድምፅ እየተንጠለጠለ ያንን ክፍተት ሲሞላው ትዝታው ይደበዝዛል። በትንሹ ሳጥን እያንዳንዱ ድምፅ ተነጥሎ ይሰማል፣ ቶሎ ዝም ይላል፣ ለቀጣዩም ቦታ ይለቃል።

አሁን ወደ ጊታሮቹ። መጀመሪያ የሞከርኩት የኤፍጂ 800ን የቅርብ ዘመድ ያማሃ ኤፍኤስ 800ን ነው። የክሩ ርዝመት 634 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከእኔ ጊታር የሚያንሰው በ16 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የፊት ገጹ እንደዚያው ወጥ ስፕሩስ ነው፣ ወገቡ ጠበብ፣ ሆዱ ሳሳ ይላል። ጭን ላይ ሲቀመጥ ትከሻን አያንጠለጥልም፤ ቀኑን ሙሉ ቢጫወቱት አያደክምም። ድምፁም የተመጣጠነ ነው፣ ከሁሉም ይበልጥ ሙሉ ጊታር የሚባለው እሱ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ ለሳምንት ስጫወት ኤፍኤሱን የማነሳበት የተለየ ምክንያት አጣሁ። አንድ ቤት፣ አንድ እንጨት፣ አንድ ባሕርይ ናቸው። ምንም ጊታር የሌለው ሰው ቢጠይቀኝ ያለ ማመንታት ኤፍኤስ 800 ግዛ እለዋለሁ። ኤፍጂ 800 ላለው ግን ገንዘቡ የሚገዛለት ለውጥ ትንሽ ነው። ትልቁ ጊታሩ የሌላ ኩባንያ ሆኖ ጀርባው ከሌላ እንጨት ከሆነ ፍርዴን ላለዝብ እችላለሁ።

ረጅም ጊዜ ያቆዩኝ ሁለቱ መካከለኛ ርዝመት ያላቸው ጊታሮች ናቸው፤ የቴይለሩ ጂኤስ ሚኒና የያማሃው ሲኤስኤፍ 1 ኤም። የመጀመሪያው 597፣ ሁለተኛው 600 ሚሊ ሜትር የክር ርዝመት አላቸው። በወረቀት ላይ መንታ ይመስላሉ፤ በእጅ ሲያዙ ግን በጣም ይለያያሉ።

ጂኤስ ሚኒ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። የፊት ገጹ ወጥ እንጨት ሲሆን እንደ ዓይነቱ ስፕሩስ፣ ማሆጋኒ ወይም ሌላ ይሆናል፤ ጀርባው በስስ በስሱ ከተደራረበ እንጨት የተሠራና ወደ ውጭ ጎበጥ ያለ ነው። ሳጥኑ ለቁመቱ ጥልቅ በመሆኑ ከመጠኑ በላይ ድምፅ አለው። በዓይን ሳያዩት የሚሰማ ሰው ትልቅ ጊታር ነው ብሎ ሊሳሳት ይችላል። ጠቅላላ ርዝመቱ 93 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ባጃጅ ውስጥ በጉልበት መካከል ይቆማል፣ ሚኒባስ ውስጥም ሰው አያስቸግርም። ግርፍ ይችላል፣ ድርድርም ይችላል። ከቤት ርቆ የሚኖር ሰው አንድ ጊታር ብቻ ይዞ ይሂድ ከተባለ ይህንን ይያዝ።

ሲኤስኤፍ 1 ኤም ሌላ ዓይነት ነው። ቅርጹ የድሮዎቹን የሳሎን ጊታሮች ይከተላል፤ ወገቡ ቀጭን፣ ትከሻው ለስላሳ ነው። የፊት ገጹ ወጥ ስፕሩስ፣ ጀርባና ጎኑ የተደራረበ ማሆጋኒ ነው። ድምፁ ከጂኤስ ሚኒ ያነሰ ግን ይበልጥ የጠራ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ ዜማ ሲወጣ የክራር ያህል ነጥሮ ይሰማል፤ ወፍራሞቹ ክሮች ደግሞ እንዳሉ ያስታውቃሉ እንጂ አይጫኑም። ባትሪ የማይፈልግ ፒክአፕ (የክሩን ድምፅ ወደ ማጉያ የሚያስተላልፍ መሣሪያ) ከውስጡ ስላለው ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቶ መጫወት ይቻላል። የድምፅ መቆጣጠሪያ ቁልፍ ግን ጊታሩ ላይ የለውም፤ ሁሉም ነገር ከማጉያው በኩል ይስተካከላል። በጂኤስ ሚኒ በኩል ፒክአፕ የሚፈልግ ሰው ከሞዴሉ ስም ጋር «ኢ» (e) የሚል ፊደል ያለበትን መርጦ መግዛት አለበት።

ልዩነታቸውን በአጭሩ ልንገራችሁ ካላችሁኝ፣ ጂኤስ ሚኒ የድሬድኖት ልጅ ነው፣ ሲኤስኤፍ 1 ኤም ግን የሌላ ቤት ልጅ ነው። ትልቁ ጊታራችሁ ከቤት እንዳይወጣ የምትሳሱለት ከሆነና ተተኪ ከፈለጋችሁ ወደ ጂኤስ ሚኒ ሂዱ። ሌላ ድምፅ ከፈለጋችሁ ሲኤስኤፍ 1 ኤም ይሻላል።

ከእነዚህ በታች ያሉትን ቶሎ ልለፋቸው። ትንሹ ማርቲን ኤልኤክስ 1 ባለ 584፣ ቤቢ ቴይለር ባለ 578፣ ያማሃ ጄአር 2 ደግሞ ባለ 540 ሚሊ ሜትር ናቸው። ኤልኤክስ 1 ጀርባና ጎኑ በሙጫ ከተጨመቀ ወረቀት መሰል ነገር ስለተሠራ እርጥበት ብዙ አይጎዳውም፤ በየሳምንቱ በጀልባ ወደ ዘጌ ለሚሻገር ሰው ከዚህ የተሻለ ጓደኛ አላውቅም። ቤቢ ቴይለር ቀላል ነው፣ ድምፁ ግን ለእኔ ጆሮ ደረቅ ነው። ጄአር 2 ለልጅ እጅ ይሁን፤ አዋቂ ሰው ለድምፁ ብሎ ባይገዛው እመክራለሁ።

ይህን ያልኩበት ምክንያት ካፖ ነው፤ ክሮቹን ሁሉ ባንድ ላይ ተጭኖ ድምፁን ከፍ የሚያደርገው መቆንጠጫ። ፍሬት የምለው ደግሞ አንገቱ ላይ የተደረደሩትን ቀጫጭን ብረቶችና በመካከላቸው ያለውን ቦታ ነው። የሴት ድምፅ ለማጀብ ካፖውን አምስተኛው ፍሬት ላይ ማሰር የተለመደ ነው። ባለ 650 ሚሊ ሜትር ጊታር ላይ ከካፖው ቀጥሎ ያለው ፍሬት 27 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ይኖረዋል፤ በባለ 600ው 25፣ በባለ 540ው ግን ከ23 ያንሳል። ሦስት ጣት እዚያ ውስጥ ማስገባት ሥቃይ ነው። ዘፋኛችሁ ከፍ ያለ ድምፅ ያላት ከሆነ ከ600 ገደማ በታች አትውረዱ።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ባላችሁ ጊታር ላይ የምትሞክሩት ነገር አለ። ትልቁን ጊታር በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ቃኙትና ካፖውን አንደኛው ፍሬት ላይ እሰሩ፤ የክሩ ርዝመት 613 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ብታስሩት 579 አካባቢ ይደርሳል። የክሩ መላላትና የፍሬቱ መጥበብ እጃችሁን ምን እንደሚያሰኘው በዚህ ታውቃላችሁ። የአጭር ክር መላላት ዋዛ አይደለም፤ አንድ ዓይነት ክር፣ አንድ ዓይነት ቅኝት ሆኖ ከ650 ወደ 600 ሚሊ ሜትር ሲወረድ ውጥረቱ በ15 በመቶ፣ ወደ 540 ሲወረድ በ31 በመቶ ይቀንሳል። ለጣት ይመቻል፣ ዜማ እየሳቡ ለማጣመም ደስ ይላል፤ በኃይል ሲገርፉት ግን ክሩ ይንቀጫቀጫል፣ ቅኝቱም ይናወጣል። እኔ ባለ 600ው ላይ ከ12 ይልቅ በ13 የሚጀምር (ቀጭኑ ክር 0.013 ኢንች የሆነ) ወፈር ያለ ክር አስሬ ተመችቶኛል።

ስለ አየሩም ሳልናገር አላልፍም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዝናቧም ባብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ተጠቃሎ ይወርዳል። ወጥ እንጨት በነሐሴ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ የፊት ገጹ ከፍ ይላል፣ ክሩም ከአንገቱ ይርቃል። በየካቲትና በመጋቢት ደግሞ ይደርቃል፤ የፍሬቱ ጫፎች እጅ ይቧጥጣሉ፣ ከባሰም የፊት ገጹ ይሰነጠቃል። ጊታር የሚስማማው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። በበጋ የሳሙና ማስቀመጫ በስቼ፣ እርጥብ ስፖንጅ ጨምቄ ከትቼ ጊታሩ ቦርሳ ውስጥ አኖራለሁ፤ በክረምት አወጣዋለሁ። ከግድግዳ ላይ አልሰቅለውም፣ ከመስኮት አጠገብም አላኖረውም። ከላይ ያነሣኋቸው የሁለቱ መካከለኛ ጊታሮች ጀርባ የተደራረበ እንጨት መሆኑ ለዚህ አገር ጥቅም ነው።

ዋጋ በብር ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። የውጭ ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ለወሩ አይሆንም። ቅደም ተከተሉ ግን ይህን ይመስላል፦ ጄአር 2 እና ኤፍኤስ 800 ከርካሾቹ፣ ሲኤስኤፍ 1 ኤም መካከለኛ፣ ጂኤስ ሚኒ ከሁሉም ውድ።

ያገለገለ ለመግዛት የምትሄዱ ከሆነ ከእኔ ስሕተት ተማሩ። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ስሙ የማይታወቅ ትንሽ ጊታር ገዝቼ ነበር፤ ሻጩ ሙሉ በሙሉ ወጥ እንጨት ነው አለኝ፣ እኔም አመንኩት። ቤት ገብቼ የድምፅ ቀዳዳውን ጠርዝ በባትሪ ብርሃን ሳየው ኮምፔንሳቶ ነበር። ወጥ እንጨት ሲሆን የፊቱ መስመር ጠርዙንም ዘልቆ ይወርዳል፤ ኮምፔንሳቶ ከሆነ ጠርዙ ላይ ንብርብሩ ይታያል። ይባስ ብሎ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩን ስይዘው ድምፁ ከሚገባው በላይ ይሾላል፤ በአጭር ክር ላይ ይህ ስሕተት ጎልቶ ይሰማል። ስለዚህ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኑ ነክታችሁ የሚወጣውን ድምፅና ተጭናችሁ የሚወጣውን አመሳክሩ፤ አንድ መሆን አለባቸው። እዚያው ፍሬት ላይ ወፍራሙ ክር ከፍሬቱ በላይ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ቢርቅ ጥሩ ነው፤ ከ3.5 ካለፈ ሥራ ይጠይቃል።

ትልቁን ጊታራችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱን ዜማ በሁለቱም ተጫወቱት። የሚዘፍን ሰው ካላችሁ እርሱንም ይዛችሁ ሂዱ። እኔ የገዛሁት አንድ ሆቴል ተጫዋች ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር የሸጠውን ነው። ቤቱ ሁለት ጊታር ነበረው፤ ጂኤስ ሚኒና ሲኤስኤፍ 1 ኤም። እህቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ አንዱን ትዝታ ሁለት ጊዜ አንጎራጎረች። በሁለተኛው ድምፅዋን አንድም ጊዜ ከፍ ሳታደርግ ጨረሰችው፤ ሲኤስኤፍ 1 ኤምን የመረጠችው እርሷ ናት።