አዲስ ርካሽ ዲቪዲ ማጫወቻ ወይስ ያገለገለ?

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ዲቪዲ ማጫወቻ ስትጠይቁ ሁለት ምርጫ ሊቀርብላችሁ ይችላል። አንዱ አዲስ፣ ቀላልና ርካሽ፤ ሌላው ያገለገለ፣ ግን ከበድ ያለ የታወቀ ብራንድ።

የአዲሱ ጥሩነት የፍላሽ መሰኪያው ነው። ፍላሹን ግን በፋት 32 (FAT32 በሚባለው የፋይል አቀማመጥ ዓይነት) ፎርማት አድርጉት፤ አለዚያ ብዙዎቹ አያነቡትም። አንድ ፋይልም ከ4 ጊጋባይት ማነስ አለበት። የቆዩት ብዙዎቹ የፍላሽ መሰኪያ የላቸውም። እኔ ቤት ያለው አሮጌ ግን አዲሱ እምቢ ያለውን የተጫረ ዲስክ ያጫውታል፤ በጣም ነው የምወደው።

የድሬ አቧራ ሌንሱ ላይ ካረፈ ሁለቱም ምስል ያቆራርጣሉ። ጨርቅ አልብሷቸው። ሲሠሩ ግን ግለጡላቸው፤ በዚህ ሙቀት ይታፈናሉ።

የሠርግ ዲስክ ላከማቸ ሰው አሮጌውን እመርጣለሁ። ብቻ ከመክፈላችሁ በፊት የራሳችሁን ዲስክ ወስዳችሁ እዚያው ሞክሩት።